ሳይቃጠል በቅጠል፦ የናፍጣ ባቡርና የእሳት መከላከያው

 

ባለፈው ቅዳሜ በክፍላችን «መጓጓዣ» የሚለውን ትምህርት እየተማርን ነበር። አውሮፕላን፣ መርከብ፣ አውቶቡስ፣ ባቡር እያልን ቃላቱን በደብተር ስንጽፍ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ባቡሩ ውስጥ ናፍጣ ነው የሚቃጠለው አይደል? ታዲያ ባቡሩ ራሱ ለምን አይቃጠልም?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ጥያቄው የትልቅ ሰው ጥያቄ ነው። እውነቱን ለመናገር እዚያው ቆሜ አጥጋቢ መልስ መስጠትም አልቻልኩም። «እስኪ ላንብብና በጋዜጣችን እመልስልሃለሁ» አልኩት። ይኸው ቃሌን ልጠብቅ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እሳት ገና ትንሽ ሳለ በለምለም ቅጠል ተመትቶም ይጠፋል፤ ካደገ በኋላ ግን ወንዝ ቢገለብጡበት ያስቸግራል ማለት ነው። ባቡር የሚሠሩ መሐንዲሶች አማርኛ አያውቁም እንጂ ሥራቸው ሁሉ የዚህ ተረት ትርጉም ነው። እንዴት እንደሆነ አብረን እንየው።

መጀመሪያ ባቡሩን እንወቀው

ባቡር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙዎቻችሁ የምትሳፈሩበት ሜትሮ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ ነዳጅ አይዝም። ከዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሮክቪልና በጌተርስበርግ በኩል የሚያልፈው ማርክ የተባለው ባቡር ግን በናፍጣ ነው የሚሄደው። በቨርጂኒያ በኩል ወደ ማናሳስና ወደ ፍሬድሪክስበርግ የሚሄደው ቪ.አር.ኢ.ም እንዲሁ ነው።

የናፍጣ ሞተር ክብሪትም ካንዴላም የለውም። አየሩን በኃይል ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅ አየሩ በጣም ይግላል፤ በዚያ በጋለ አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ይህን ሞተር የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። በደንብ የሚሠራ ሞተር ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1897 ነበር። ምን ይገርማችኋል፣ የኢትዮጵያ የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረውም በዚያው በ1897 ነው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ያ ባቡር መጀመሪያ በእንፋሎት፣ በኋላም በናፍጣ ሲጓዝ ኖሯል። እናትና አባታችሁን ስለ ለገሃር ጠይቋቸው። «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ግን በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው።

ወደ ናፍጣው ባቡር እንመለስ። ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ክፍል ሎኮሞቲቭ ይባላል። በውስጡ ያለው ትልቅ የናፍጣ ሞተር ብዙ ጊዜ መንኮራኩሮቹን በቀጥታ አያዞርም። ሞተሩ ጄኔሬተር ያዞራል፤ ጄኔሬተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ከመንኮራኩሮቹ ጋር የተያያዙትን ሞተሮች ያዞራል። ስለዚህ በአንድ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ናፍጣ፣ የሞተር ዘይት፣ የጋለ ብረትና ብርቱ ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን ይኖራሉ ማለት ነው።

ናፍጣው ምን ያህል ነው? አምትራክ ረጅም መንገድ የሚሄዱ ባቡሮችን ለብዙ ዓመታት የጎተተባቸው ፒ42 የተባሉት ሎኮሞቲቮች እያንዳንዳቸው 2,200 ጋሎን ገደማ ይይዛሉ። ከ8,000 ሊትር በላይ ነው። የአባታችሁ መኪና 15 ጋሎን የሚይዝ ከሆነ፣ ከ140 በላይ የሚሆኑ እንደዚያ ያሉ መኪናዎች ነዳጅ በአንድ ታንክ ውስጥ አለ ማለት ነው።

እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል

እሳት እንዲነድ ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፦ የሚቃጠል ነገር፣ ሙቀት እና ኦክስጅን። ኦክስጅን በምንተነፍሰው አየር ውስጥ 21 ከመቶ ያህል ይገኛል። ከሦስቱ አንዱን ካነሳችሁ እሳቱ ይጠፋል።

ይህን ለመማር ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ቡና ሲፈላ ማየት ይበቃል። እናታችሁ ከሰሉን በማራገቢያ ስታራግበው ፍም የሚሆነው ለምንድን ነው? ብዙ ኦክስጅን ስላገኘ ነው። አያቶቻችሁ አገር ቤት ማታ ማታ እሳቱን በአመድ ይዳፍኑታል። አመዱ አየሩን ስለሚቀንስበት እሳቱ አይነድም፤ ግን ውስጡ ትኩስ ስለሆነ ጠዋት ሲገልጡት ፍሙ ይገኛል። ውሃ ሲያፈሱበት ደግሞ ሙቀቱን ስለሚወስድበት ጨርሶ ይጠፋል። ማገዶውን ከምድጃው ሲያወጡስ? የሚበላውን ስላጣ ይሞታል።

እንግዲህ የባቡሩም የእሳት መከላከያ ከዚህ አይወጣም። ወይ ነዳጁን ይከለክለዋል፣ ወይ ያቀዘቅዘዋል፣ ወይ አየሩን ይነሳዋል። (አንዳንድ መድኃኒት ደግሞ የቃጠሎውን ሂደት ራሱን ያቋርጠዋል።)

ናፍጣ ሰነፍ ነው፤ ሲረጭ ግን ይነቃል

ቤንዚንና ናፍጣ ወንድማማች ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚሆን ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። ናፍጣ ግን 52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (125 ፋራናይት) ገደማ ካልሞቀ ክብሪት የሚይዘው በቂ ተን አይሰጥም። በዚህ ረገድ ናፍጣ ሰነፍ ነው፤ ለባቡርም የተሻለ ነው።

ነገር ግን አትሸወዱ። አንድ ትልቅ ግንድ በአንድ ክብሪት ይቀጣጠላል? አይቀጣጠልም። ያንኑ እንጨት ሰነጣጥቃችሁ ጭራሮ ብታደርጉትስ? ወዲያው ይይዛል። ናፍጣም እንደዚያው ነው። በታንክ ውስጥ ሲቀመጥ እንደ ግንድ ነው። ቀጭን የነዳጅ ቱቦ ተሰንጥቆ ናፍጣው እንደ ሽቶ በደቃቁ ሲረጭ ግን ጭራሮ ይሆናል። ከዚያ የሚያስፈልገው አንድ የጋለ ነገር ብቻ ነው። እሱም ሩቅ አይደለም፤ ሞተሩ በኃይል ሲሠራ ማርሚታው አካባቢ ያለው የጭስ መውጫ ብረት ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። ናፍጣ ደግሞ ከ200 ዲግሪ ትንሽ በላይ በሆነ ሙቀት ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል።

ሌላም የእሳት መነሻ አለ። ሳይለቅ የቀረ ፍሬን መንኮራኩሩን እያሸ ያግለዋል። ሽፋኑ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ ብልጭታ ይፈጥራል። በሞተሩ ዙሪያ የተጠራቀመ ቅባትና ቆሻሻ እንደ ጧፍ ይነዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው እሳት ማጥፊያ ቀዩ ሲሊንደር ሳይሆን የመካኒኩ ጨርቅና የእጅ ባትሪ ነው። በአሜሪካ ሕግ ሥራ ላይ ያለ ሎኮሞቲቭ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ መፈተሽ አለበት። የሚንጠባጠብ ቱቦ ጠዋት ከተገኘ ማታ እሳት አይሆንም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ባቡሩ ራሱን ሲጠብቅ

እሺ፣ ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎ እሳት ቢነሳስ? በሞተሩ ክፍል ሰው አይቀመጥም፤ ስለዚህ መሣሪያ ነው የሚጠብቀው። የእሳት መከላከያ በተገጠመላቸው የናፍጣ ባቡሮች ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል።

አንደኛ፣ ማወቅ። በሞተሩ ዙሪያ ሙቀት የሚለይ መሣሪያ አለ። በአንዳንዶቹ መሣሪያው እንደ ገመድ ረጅም ሆኖ በክፍሉ ዙሪያ ይዘረጋል። የገመዱ አንድ ቦታ ከልክ በላይ ሲሞቅ በነጂው ፊት መብራት ይበራል፤ ደወልም ይጮኻል።

ሁለተኛ፣ ነዳጁን መቁረጥ። ይህ በጣም አስፈላጊው ነው። የሚረጭ ናፍጣ ካልቆመ ምንም ዓይነት ማጥፊያ አይበቃም። በአሜሪካ ማንኛውም ሎኮሞቲቭ የነዳጅ መዝጊያ ሊኖረው ግዴታ ነው። መዝጊያውን በእጅ ማዘዣው በሦስት ቦታ ይገኛል፦ አንዱ በነጂው ክፍል ውስጥ፣ ሁለቱ ደግሞ በሎኮሞቲቩ ግራና ቀኝ ከውጭ። ባቡር ጣቢያ ስትቆሙ ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ ከሩቅ ፈልጉት፤ ጎኑ ላይ ምልክት አለው። በእጅ መንካት ግን ክልክል ነው! ያለ ምክንያት የነካው ሰው ባቡሩን በሙሉ ያቆማል።

ሦስተኛ፣ አየሩን መዝጋት። ማራገቢያዎቹ ይቆማሉ። አለዚያ ልክ ከሰል እንደምናራግበው እሳቱን ያራግቡታል።

አራተኛ፣ መድኃኒቱን መልቀቅ። በሲሊንደር ታምቆ የተቀመጠው ማጥፊያ በቱቦ ወጥቶ የሞተሩን ክፍል ይሞላል። ጋዝ፣ ዱቄት፣ አረፋ ወይም እንደ ጉም የደቀቀ ውሃ ሊሆን ይችላል። ጉም ያልኩት በምክንያት ነው፤ የውሃው ጠብታ ሲደቅ ቶሎ ተንኖ ብዙ ሙቀት ይወስዳል፤ እንፋሎቱም አየሩን ይገፋል። ቀድሞ ሃሎን የተባለ ጋዝ እሳት በማጥፋት የሚወዳደረው አልነበረም። ነገር ግን ምድራችንን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቃትን የኦዞን ሽፋን ስለሚጎዳ፣ በበለጸጉት አገሮች ከ1994 ጀምሮ እንዳይመረት ተደረገ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሌሎች ጋዞችን፣ ዱቄትንና ጉሙን አበረቱ።

አምስተኛ፣ ጊዜ መግዛት። ተሳፋሪው ያለበት ፉርጎ ወለል፣ ግድግዳና ወንበር ቶሎ እንዳይቀጣጠሉና ብዙ ጭስ እንዳይሰጡ ሆነው ይሠራሉ። በአሜሪካ የተሳፋሪ ፉርጎ ወለል ከሥሩ እሳት ቢነድበት ቢያንስ 15 ደቂቃ እንዲቋቋም ተደርጎ ይፈተናል። እነዚያ 15 ደቂቃዎች ለምን ይመስሏችኋል? እናንተ ወደ ሌላ ፉርጎ እንድትሄዱ ነው።

ቀዩ ሲሊንደር

አሁን ሁላችሁም ወደምታውቁት እንምጣ። በአሜሪካ በእያንዳንዱ የተሳፋሪ ፉርጎ ቢያንስ አንድ በእጅ የሚያዝ የእሳት ማጥፊያና አንድ በር መፈልቀቂያ ብረት እንዲኖር፣ ለእያንዳንዱ የባቡር ሠራተኛም አንድ የእጅ ባትሪ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል።

ማጥፊያ ሁሉ ለሁሉም እሳት አይሆንም። በሲሊንደሩ ላይ ፊደል ታያላችሁ። ኤ የሚለው ለወረቀት፣ ለጨርቅና ለእንጨት ነው። ቢ እንደ ናፍጣና ዘይት ላለ ፈሳሽ ነው። ሲ ደግሞ በአሜሪካ ኤሌክትሪክ ላለበት እሳት ነው። (አውሮፓ ያላችሁ ዘመዶቻችን ተጠንቀቁ፤ እዚያ ሲ ማለት ለጋዝ እሳት ነው።)

ውሃ በወረቀት እሳት ላይ ጥሩ ነው። በናፍጣ ላይ ግን አይሆንም። ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፍና እየነደደ ውሃው ወደሄደበት ሁሉ ይሄዳል። እናታችሁ የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ሲል እንዴት እንደምትሸሽ አይታችኋል አይደል? ኤሌክትሪክ ባለበት ደግሞ ውሃ ሰውን ሊያስይዝ ይችላል። አረፋ ናፍጣውን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ከአየር ይለየዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኦክስጅኑን ይገፋል፤ ከሥሩም ምንም አይተውም። ስለዚህ ለኤሌክትሪክ ዕቃ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሲወጣ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ድረስ ስለሚቀዘቅዝ ቀንዱን በባዶ እጅ የያዘ ሰው ቆዳው ይጎዳል። ጠባብ ቦታም ላይ ያፍናል። ኤ ቢ ሲ የተባለው ዱቄት ለሦስቱም ይሆናል፤ ግን ቦታውን ሁሉ ጉም በጉም ስለሚያደርገው ማየትም መተንፈስም ያስቸግራል።

አጠቃቀሙን በእንግሊዝኛ «ፓስ» ብለው እንዳስተማሯችሁ አውቃለሁ። በአማርኛ እንዲህ እንበለው፦ ሳቡ፣ አነጣጥሩ፣ ጨብጡ፣ ጥረጉ። ቀለበቱን ሳቡ፤ አፉን ወደ እሳቱ ሥር (ወደ ነበልባሉ ጫፍ ሳይሆን!) አነጣጥሩ፤ መያዣውን ጨብጡ፤ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ መጥረጊያ ጥረጉ።

ይህን የምነግራችሁ ግን ልጆች እሳት እንድታጠፉ አይደለም። በእጅ የሚያዝ አንድ ማጥፊያ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ብቻ ነው የሚረጨው። «ሰላም ለሁላችሁ ይሁን፣ እኔ ዛሬ...» ብላችሁ ሳትጨርሱ አለቀ! የቆሻሻ ቅርጫት ለሚያህል እሳት፣ ለሠለጠነ አዋቂ፣ ያውም መውጫው ከጀርባው ሲሆን ብቻ ነው የሚበቃው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጀግንነቱ መውጣት ነው።

በሲልቨር ስፕሪንግ የሆነው

ይህን የምጽፈው በሩቅ አገር ስለሆነ ነገር ብቻ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙዎቻችን የምንኖርባት፣ እንጀራ የምንገዛባት፣ ሠርግና ለቅሶ የምንደርስባት ከተማ ናት።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1996 (የካቲት 8 ቀን 1988 ዓ.ም.) ዓርብ ማታ በረዶ እየጣለ ሳለ፣ ወደ ዋሽንግተን የሚመጣ የማርክ ባቡርና ወደ ቺካጎ የሚሄድ የአምትራክ ባቡር ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ተጋጩ። የአንዱ ሎኮሞቲቭ የናፍጣ ታንክ ተቀደደ። ናፍጣው ተረጭቶ በማርኩ ባቡር የፊት ፉርጎ ውስጥ ገባና ተቀጣጠለ። ቀደም ሲል ስለ ጭራሮው የነገርኳችሁን አስታውሱ። 11 ሰዎች ሞቱ። ሦስቱ የባቡሩ ሠራተኞች ነበሩ፤ ስምንቱ ደግሞ ሙያ ይማሩ የነበሩ ወጣቶች። ከሞቱት ውስጥ ከግጭቱ ተርፈው እሳቱና ጭሱ የገደላቸው ነበሩ።

አደጋውን የመረመረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሁለት ነገር አስተማረን። ግጭቱ የደረሰው የምልክት መብራት ማስጠንቀቂያ ስላልተከበረ ነበር። ጉዳቱን ያባሰው ግን ተሳፋሪው በቀላሉ የሚወጣበት መንገድ አለመኖሩ ነው። በሩን በእጅ የሚከፍተው መሣሪያ በቀላሉ የሚታይ፣ በቀላሉም የሚገኝ አልነበረም። በጨለማ፣ በጭስና በድንጋጤ ውስጥ ማን ፈልጎ ያገኘዋል?

ከዚያ በኋላ ሕጉ ተለወጠ። የባቡር ድርጅቶች የአደጋ ጊዜ መስኮቶችን እንዲፈትሹና ምልክት እንዲያደርጉ በዚያው ዓመት ታዘዙ። በ1998 እና በ1999 ደግሞ ሰፋፊ ደንቦች ወጡ። ዛሬ በተሳፋሪ ፉርጎ ውስጥ በእያንዳንዱ ፎቅ ቢያንስ አራት የአደጋ ጊዜ መስኮቶች ይኖራሉ። ምልክቶቹ መብራት ቢጠፋም በጨለማ የሚያበሩ ናቸው። የነዳጅ ታንኮችም በቀላሉ እንዳይቀደዱ ጠንክረው ይሠራሉ። ልጆች፣ በባቡር መስኮት ላይ የምታዩት ያ ደማቅ ምልክት ጌጥ አይደለም። እነዚያ 11 ሰዎች ያስተማሩን ትምህርት ነው።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

አትፍሩ። ባቡር ከመኪና ይልቅ ደህና መጓጓዣ ነው፤ የባቡር እሳትም ዘወትር የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ግን ያወቀ ሰው አይደነግጥም። ስለዚህ ይህን ያዙ።

1. ስትቀመጡ ሁለት መውጫ እዩ። አንዱ በር፣ አንዱ መስኮት። አሥር ሴኮንድ አይፈጅም።

2. ጭስ ካያችሁ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ወዲያው ተናገሩ። ለኮንዳክተሩ፣ ለወላጅ፣ በአቅራቢያችሁ ላለ አዋቂ። ብዙ ፉርጎዎች ከሠራተኛ ጋር የሚያነጋግር ቁልፍም አላቸው። «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» ብላችሁ አትፈሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ከካይሮ ወደ ደቡብ ግብጽ ይሄድ የነበረ ባቡር በእሳት ተያይዞ ከ360 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ያን ያህል ሰው የሞተው ነጂው ከኋላው ያለውን እሳት ሳያውቅ መንገዱን ስለቀጠለ ጭምር ነው። ባቡር ረጅም ነው፤ የኋላው ካልነገረው የፊቱ አያውቅም።

3. ወደ ሌላ ፉርጎ ሂዱ። ብዙ ጊዜ ከባቡር መውረድ አያስፈልግም፤ ከእሳቱ ርቃችሁ ወደ ቀጣዩ ፉርጎ መሻገርና በሩን መዝጋት ይበቃል። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ጎንበስ ብላችሁ ሂዱ።

4. የአደጋ ፍሬኑን በራሳችሁ አትሳቡ። ባቡሩ በዋሻ ውስጥ ወይም በድልድይ ላይ ቢቆም ለመውጣትም፣ እሳት አደጋ ሠራተኞች ለመድረስም ይከብዳል። የት መቆም እንዳለበት የሚያውቀው ነጂው ነው።

5. ሠራተኛው ካላዘዘ ወደ ሐዲዱ አትውረዱ። በጎን ሌላ ባቡር ሊመጣ ይችላል። በአንዳንድ ቦታም ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሐዲድ አለ። በሩ እምቢ ካለና እሳቱ ከቀረበ ግን የአደጋ ጊዜው መስኮት ለዚያ ነው የተሠራው። በብዙዎቹ ቀዩን እጀታ ስባችሁ ጎማውን እስከ መጨረሻ ትልጡታላችሁ፤ ከዚያ መስታወቱ ወደ ውስጥ ተስቦ ይወጣል።

6. ዕቃ ተዉ። ቦርሳ፣ ላፕቶፕ፣ አዲስ ጫማ፣ ሁሉም ይገዛል።

ለአያታችሁ ተርጉሙላት

በመጨረሻ አንድ የራሴን ነገር ላጫውታችሁ። እናቴ ከአገር ቤት ልትጠይቀን መጥታ በባቡር ይዣት ስሄድ በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳት። ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል ፌስታሏን በመስኮቱ ቀይ እጀታ ላይ አንጠልጥላዋለች። «እማዬ፣ ይኼ እኮ ለአደጋ ጊዜ ነው!» አልኳት። «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ማንጠልጠያ መስሎኝ» አለችኝ። ሳቅን። ቤት ስገባ ግን ሳቄ ጠፋ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማንበብ የምችለው እኔ ነበርኩ፤ አላነበብኩላትም። ለራሴም ቢሆን በዚያ ባቡር ለዓመታት ስመላለስ አንድ ቀን እንኳ አንብቤው አላውቅም።

ልጆች፣ እናንተ ሁለት ቋንቋ ታውቃላችሁ። ብዙ ጊዜ «አማርኛ ምን ያደርግልኛል?» ትሉናላችሁ። ይኸውላችሁ አንዱ ጥቅሙ። አያታችሁ ወይም ገና ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ከጎናችሁ ሲቀመጥ፣ በመስኮቱ ላይ የተጻፈውን በአማርኛ ንገሩት። «አያዬ፣ ይኼ የአደጋ ጊዜ መውጫ ነው። እሳት ቢነሳ ይኼን ቀይ እጀታ ይሳቡ። ቦርሳዎን ይተዉት፤ እኔን ይከተሉኝ» በሉት። ለትልቅ ሰው «ሳብ» ሳይሆን «ይሳቡ» እንደሚባል አትርሱ!

ወላጆችም ከልጆቻችሁ ጋር ተለማመዱ። ቤት ውስጥ ያለውን ማጥፊያ አብራችሁ እዩት። የመለኪያው መርፌ በአረንጓዴው ላይ ነው? ጊዜው አላለፈም? አንድ ቀን ደቂቃ አታገኙም፤ ዛሬ ግን ጊዜ አለ።

የዚያን ልጅ ጥያቄ ልመልስና ልጨርስ። ባቡሩ ለምን አይቃጠልም? እሳቱ ከሞተሩ እንዳይወጣ ብዙ ሰው በየቀኑ ስለሚጠብቀው ነው። ከጠባቂዎቹ አንዱ ደግሞ አንተ ነህ።

የሳምንቱ ቃላት

ናፍጣ — የትልልቅ መኪናና የባቡር ነዳጅ
ፉርጎ — ሎኮሞቲቭ የሚጎትተው የባቡር ክፍል
ሐዲድ — ባቡር የሚሄድበት ብረት
የእሳት ማጥፊያ — እሳት የምናጠፋበት መሣሪያ
መዳፈን — እሳትን በአመድ መሸፈን
ጭራሮ — ቶሎ የሚቀጣጠል ቀጭን ደረቅ እንጨት
የአደጋ ጊዜ መውጫ — ችግር ሲደርስ የምንወጣበት በር ወይም መስኮት

ጥያቄዎች

1. እሳት እንዲነድ የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?
2. በናፍጣ እሳት ላይ ውሃ የማይደፋው ለምንድን ነው?
3. «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ከእሳት ውጭ በምን ላይ ልንጠቀምበት እንችላለን? ወላጆቻችሁን ጠይቃችሁ አንድ ምሳሌ ጽፋችሁ አምጡ።
4. የቤት ሥራ፦ በባቡር፣ በአውቶቡስ ወይም በቤታችሁ ያለ አንድ የአደጋ ጊዜ ምልክት በደብተራችሁ ሳሉና ትርጉሙን በአማርኛ ጻፉ። ከዚያም ለአንድ ትልቅ ሰው አንብቡለት።

መልሱን በሚቀጥለው ቅዳሜ በክፍል እናየዋለን። ደህና ሰንብቱ!